ትርንጎ በራሷ አፍ የተናገረች ዕለት

የልጄ አምባር የተበላሸው ኅዳር 13 ቀን 2068 ዓ.ም. ጠዋት ነው። የአባቷን አርባ ባወጣን ማግስት ማለት ነው። ቁርስ ላይ ነበርን። "ትርንጎ፣ ሻይ ልድገምሽ?" አልኳት። ዝም አለች። ደግሜ ጠየቅኋት፤ አሁንም ዝም። ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ አላነሳችም። የዘመኑ ልጆች ማኩረፍ ያውቁበታልና እኔም በእናት ወግ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለ ሥርዓትና ስለ አስተዳደግ አምስት ደቂቃ ያህል ሰበክኋት። ስጨርስ ክንዷን አንስታ አሳየችኝ። አምባሩ ላይ የምትበራው አረንጓዴ ነጥብ ጠፍታለች።

አዳማ ውስጥ አምባር የሌለው ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ልጆች በሰባት ዓመታቸው ያስራሉ፣ አምባሩ በአንድ ክረምት ድምፃቸውን ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ሲደክማቸው ወይም ሰው ሲሰለቻቸው በእነሱው ድምፅ ይመልስላቸዋል። ልባቸው ሲመታ ያረጋጋቸዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእርጋታ ቁጥራቸውን ይጽፋል። ቁጥሩ ከሰባ በላይ ከሆነ ወላጅ ወደ ሥራው ይሄዳል። የትርንጎ ከአባቷ ቀብር ጀምሮ ከሰማንያ አራት ወርዶ አያውቅም ነበር። እኔም ብሆን ከአምባር ጋር ጠብ የለኝም። የቲማቲም ግሪንሃውስ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ለአለቃዬ "እሺ ጌታዬ" የምለው በአምባሬ ነው። በራሴ አፍ ብመልስለት ኖሮ እስካሁን ሥራ አይኖረኝም ነበር።

ያን ጠዋት ወደ አምባር ጠጋኟ ወሰድኳት። ጠጋኟ ለጋ ወጣት ናት። ክዳኑን ከፍታ አንድ ጊዜ መዝገቡን፣ አንድ ጊዜ ልጄን አየች።

"እትዬ፣ ልጅቷ ጉሮሮዋን ታማለች እንዴ?"

"ኧረ ደህና ናት። ምነው?"

"አምባሩ የእሷን አፍ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው ጥቅምት 4 ቀን ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ከዚያ ወዲህ ያለው በሙሉ የራሱ ነው።"

ጥቅምት 4 ቀን ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ የታሪኩን፣ የባለቤቴን፣ ሣጥን ወደ ጉድጓድ እያወረዱት ነበር።

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ ሰው እየመጣ "እግዜር ያጥናሽ" ሲላት "አሜን" ያለው አምባሩ ነው። በየምሽቱ "እማ፣ ደህና እደሪ" ያለኝ አምባሩ ነው። በአርባው ዕለት "ለአባትሽ ምን ትያለሽ?" ብያት "ነፍሱን በገነት ያኑርልን" ብላ እንግዳውን ሁሉ ያስለቀሰችው እሷ አልነበረችም። እኔ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ "ብርቱ ልጅ አለችኝ፣ እሷ ባትኖር ምን እሆን ነበር" እያልኩ ሳወራ ከርሜያለሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር አርባ ቀን ስንኖር ከንፈሯ አለመንቀሳቀሱን አላየሁም። እንዲህ ያለ ነገር በሌላ እናት ላይ ቢደርስ የምፈርድባት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነበርኩ።

ጠጋኟ አምባሩን ጠግና መለሰችልን። ሥራዋ ስለሆነም ደንቡን አስታወሰችኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቶ ቀን ሙሉ በራሱ አፍ ካልተናገረ አምባሩ ሕጋዊ አፉ ሆኖ ይመዘገባል። ትምህርት ቤትም፣ ፍርድ ቤትም፣ ነገ ተነገ ወዲያ ሰርጉ ላይም የሚመልስለት እሱ ነው። የውክልና ድምፅ ይባላል። ማሰረዝ ይቻላል ይላሉ፤ ያሰረዘ ሰው ግን አይቼ አላውቅም። የትርንጎ መቶኛ ቀን ጥር 13 ላይ ይውል ነበር።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ቢታንያ ነገሩን ስነግራት አልደነገጠችም። የእሷ ልጅ ናሆም በውክልና ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው።

"ምን ይጎዳታል ብለሽ ነው? የኔው ከገባ ወዲህ አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ጨዋ ሆኖልኛል።"

ናሆም በር ላይ ቆሞ ነበር። "እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ኑሃሚን" አለኝ፣ ክንዱ። ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አየሁት፤ አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ወደ ቤቴ ሮጬ ገባሁ ማለት ይቻላል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ዶክተር ሳምራዊት ትርንጎን ለብቻዋ አንድ ሰዓት አቆየቻት። ከዚያ እኔን ጠርታ በብዕር፣ በወረቀት ማዘዣ ጻፈችልኝ። በእጅ የተጻፈ ማዘዣ ካየሁ ዘመን የለውም። "ሂፕ ሆፕ። በሳምንት ሦስት ጊዜ። እስከ ጥር 9" ይላል።

"ዶክተር፣ መርፌ ምናምን የለም?"

"ለዚህ የሚሆን መርፌ የለኝም፣ እትዬ።"

"ባሏን የቀበረች ሴት ነኝ እኮ። ልጄን ወደ ዘፈን ቤት ነው የምትልኪብኝ?"

"ወደ ዘፈን ቤት አይደለም። ንግግር እንዲህ ሲቆለፍ በቀጥታ 'ተናገሪ' ማለት ይብስበታል። ምት ሲኖር ግን ሰውነት ቀድሞ ይገባል፣ አፍ ደግሞ ይከተላል። ሁልጊዜ ይሠራል አልልዎትም። ብዙ ጊዜ ሲሠራ ግን አይቻለሁ። እኔም እየመጣሁ አያታለሁ።"

ሕክምናው የሚሰጠው ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ የድሮ ክትባት መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ላይ ክዳን ያለው ትልቅ ሳፋ አለ፤ የገባ ሁሉ አምባሩን ፈትቶ እዚያ ይጥላል። ውስጥ ምንም የሚሰማ፣ የሚያስታውስ፣ ቃል የሚያቀብል ዕቃ የለም። ድምፅ ማጉያ እንኳን የለም። ጋሽ ኪሩቤል ምቱን የሚመቱት በሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ባጃጆች ያለ ሹፌር መሄድ ሳይጀምሩ በፊት የባጃጅ ሹፌር ነበሩ። ጀሪካኑን በመዳፋቸው ሲመቱት ወፍራም፣ በጣቶቻቸው ሲመቱት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ዘጠኝ ልጆች ክብ ሠርተው ይቆማሉ። አንዱ ይገባል፣ የሆዱን በግጥም ይናገራል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ቃል የጠፋው ወይም ከምቱ የወደቀ ልጅ ሲኖር ማንም አይስቅም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ይቀጥል!" ይሉና እስኪነሳ ይጠብቁታል።

በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ጋሽ ኪሩቤልን ነገር ፈለግኋቸው።

"ጋሽ ኪሩቤል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግጥም አምባሩስ ይጽፍላት የለ?"

"ይጽፋል እንጂ! ያውም ከኔ የተሻለ ነው የሚጽፈው" አሉኝ። "ግን ልጄ፣ ሌላ ሰው ስላለቀሰልሽ ያንቺ ሆድ ይቀልለዋል? እኔ በሃያ ዓመቴ ጭንቀት ሊገድለኝ ነበር። ለሰው እንዳልነግር አፈርኩ። ባጃጄ ውስጥ ተሳፋሪ ሲወርድ ብቻዬን እለፈልፍ ጀመር፣ ቤት እየመታሁ፣ ከሞተሩ ድምፅ ጋር። ያዳነኝ ግን ቤት መምታቱ አይደለም፣ እውነቱን ማውጣቴ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?"

ሰምቻለሁ። ሰምቶ ማወቅና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው።

ወላጅ ግድግዳውን ተጠግቶ መቀመጥ ይፈቀድለታል፤ መናገር ግን አይፈቀድለትም። ለእኔ ከባድ ቅጣት ነው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከቲማቲሞቼ ተለቅቄ እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ የሰው ልጅ ሲናገር እሰማለሁ። ሲፈን የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ አለች፦

ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ስቆጥር፣ ቀን ቀን ሰው ፊት ስስቅ፣
ፈተና ወድቄ ሳይሆን "ሰው ምን ይለኛል" ስል ላልቅ፤
ዛሬ ግን ተናገርኩት፣ ጣሪያው አልተደረመሰ፣
ደረቴ ላይ የከረመው ሸክም በመጠኑ ቀነሰ።

አባቷ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፣ የድንጋይ ወፍጮ የሚያንቀሳቅስ። መሐረብ ስላልያዘ በነጠላዬ ጫፍ እንባውን አበሰ። አልከለከልኩትም።

ትርንጎ ግን አልተናገረችም። ትመጣለች፣ አምባሯን ሳፋው ውስጥ ትጥላለች፣ ክቡ ውስጥ ትቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ጋሽ ኪሩቤል ስምንት ጊዜ ይመቱላታል፣ ይጠብቋታል፣ ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋሉ። አንድም ቀን ፊታቸው አልጠቆረባትም። በሦስተኛው ሳምንት ማጨብጨብ ጀመረች። በአራተኛው ጀሪካኑን ተቀብላቸው መታች፤ እውነት ለመናገር ከእሳቸው አሳምራ ነው የመታችው። በአምስተኛው ሳምንት ዶክተር ሳምራዊት ደብተርና እርሳስ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ስትጽፍ እንጂ ስታወራ አላየኋትም። ቤት ውስጥ አምባሩ "እማ፣ ጥሩ ቀን ነበረኝ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ አሁን አፏን አፏን አያለሁ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሰማንያ አምስት ደርሷል። ያን ቁጥር በመዶሻ ብመታው ደስታዬ ነበር።

ቀኑ እየሄደ ነው። ታኅሣሥ ተጋመሰ። ገና ዋለ። ሰው ሁሉ ለጥምቀት ልብስ ሲመርጥ እኔ ጣቴን እቆጥራለሁ። የመጨረሻው ሕክምና ጥር 9 ነው፤ ከዚያ ከተራ፣ ጥምቀት፣ ሚካኤል እያለ ጤና ጣቢያው ይዘጋል፣ ሲከፈት መቶው ቀን ሞልቷል።

በመጨረሻው ዕለት ቤተሰብና ጎረቤት ይጋበዛል፤ ወጉ ነው። ወይዘሮ ቢታንያ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ከመዝገብ ቤት አቶ ልዑል የሚባሉ ጸጥ ያሉ ሰው መጡ፤ የሳምንቱን የድምፅ ምዝገባ የሚሞሉት እሳቸው ናቸው። መሣሪያ ይዞ መግባት ስለማይቻል በወረቀት ቅጽና በብዕር ጥግ ላይ ተቀመጡ። እየደጋገሙ ያዛጋሉ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ገቡና ወጡ። የትርንጎ ተራ ደረሰ። ጋሽ ኪሩቤል ስምንት ጊዜ መቱላት። ዝም። ደግመው መቱላት። ዝም። አቶ ልዑል ብዕራቸውን ከፈቱ። ያኔ ትርንጎ ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደችና ክቡን አቋርጣ ወደ ግድግዳው መጣች። ወረቀቱን እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ በአዝማሪ ቤት የነበረ ደንብ ነው" አሉ ጋሽ ኪሩቤል ለእንግዶቹ። "ግጥም ያለው ሰው አዝማሪውን 'ተቀበል!' ይለዋል፣ አዝማሪውም የተሰጠውን ተቀብሎ ያንጎራጉራል። እኛም ጋ ድምፅ ያጠረው ልጅ የመረጠው ሰው ይቀበልለታል። ኑሃሚን፣ አንቺን መርጣለች። ተነሺ፣ ተቀበይ።"

"ኧረ ጋሽ ኪሩቤል፣ እኔ ደግሞ..."

"ይቀጥል!" አሉ ሌሎቹ ልጆች።

ተነሳሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ከሠርግ ሌላ አጨብጭቤ አላውቅም፣ ጀሪካኑ ይመታል፣ ጎረቤቴ ዳቦዋን አቅፋ ታየኛለች። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች እንደምንም አልኳቸው፦

አባቴን አፈር ስናለብስ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣
ላለቅስ አፌን ስከፍት አምባሬ ልቤን አረጋጋ፤

ልጆቹ "ይቀጥል!" አሉ። ሦስተኛውን አልኩ፦

አርባ ቀን ሙሉ እናቴ "እንደምን አደርሽ" እያለች፣

አራተኛው ላይ ዓይኔ ደረሰ፤ ዓይኔ ደርሶ ምላሴ ቆመ። የተጻፈው ስለ እኔ ነው። የተጻፈውን ብል ቢታንያ ትሰማለች፣ የሲፈን አባት ይሰማል፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው ይሰማል። እኔ ያደግሁት ገመና ከተከደነ ይሻላል ሲባል ነው፤ ለእንግዳ የተሰነጠቀ ስኒ እንኳን አይቀርብም። ስለዚህ እናቶቻችን ያደርጉት የነበረውን አደረግሁ። ምቱ ሳይቆም፣ ወረቀቱን እያየሁ፣ ሸፈንኩት፦

ከጎኔ አንድ ቀን ሳትርቅ ስታጽናናኝ ከረመች።

ቤት መታ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቤት በመምታቱ ትንሽ ኮራሁ።

"ውሸት!"

ጀሪካኑ ቆመ። ማን እንደተናገረ አላወቅሁም። ሻካራ ድምፅ ነው፣ ዝገት የበላው ማጠፊያ ሲከፈት እንደሚያሰማው ያለ። አምባሩ የሚናገርበት ያ ለስላሳ ድምፅ አልነበረም። ዞር ስል የትርንጎ አፍ ተከፍቷል።

"እንደሱ አላልኩም! የጻፍኩትን ነው የምትይው! አሁንም... አሁንም ትሸፍኛለሽ እማ! አሁንም!"

ጋሽ ኪሩቤል ጀሪካኑን ቀስ ብለው ጀመሩ። መዳፍ፣ ጣት፣ መዳፍ፣ ጣት። ትርንጎ ተነፈሰች፤ ትንፋሿ ሁለት ጊዜ ተሰበረ፣ ልጆቹ ጠበቋት። ከዚያ ወረቀቱን ሳታይ፣ እኔን እኔን እያየች፣ አለችው፦

አርባ ቀን ሙሉ እናቴ "እንደምን አደርሽ" እያለች፣
እኔን አንድ ቀን ሳታየኝ ከእጄ ጋር ስታወራ ከረመች፤
"ብርቱ ልጅ አለችኝ" ብላ ስትነግር ለጎረቤት፣ ለዘመዱ፣
ሁለት ነበርን የሞትነው፣ አባቴን ብቻ ወሰዱ።

ወይዘሮ ቢታንያ ዳቦውን መሬት ላይ አስቀመጠችና አፏን በእጇ ያዘች። ስለ ልጇ ስለ ናሆም እያሰበች እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። እኔ ከመድረክ ላይ ራቁቴን የቆምኩ ያህል አፈርኩ፤ ከዚያ በላይ ግን የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ሻክሮ፣ ተቆጥቶ፣ እኔን ከስሶ፣ ግን የራሷ። ዘጠና ስድስት ቀን ያልሰማሁት። ስትወለድ ስታለቅስ የሰማሁት ጊዜ ትዝ አለኝ።

"ተቀበይ" አለችኝ።

አሁን ሁሉም እኔን ያያሉ። ጀሪካኑ ይመታል። መሸሸግ አልቻልኩም፤ ደግሞም አልፈለግሁም።

"እኔን አንድ ቀን ሳታየኝ ከእጄ ጋር ስታወራ ከረመች" አልኩ።

"ጮክ በይ!"

"እኔን አንድ ቀን ሳታየኝ፣ ከእጄ ጋር ስታወራ ከረመች!" ብዬ ጮህኩ። ከምቱ ወጣሁ። ልጆቹ "ይቀጥል!" አሉኝ። ደግሜ አልኩት። ሦስተኛው ላይ ትርንጎ አብራኝ አለችው፣ ከዚያ ሲፈን፣ ከዚያ ክቡ በሙሉ፣ ከዚያ የሲፈን አባት በዚያ የወፍጮ ድምፁ። ልጄ መሀል ላይ ቆማ ታለቅስ ጀመር። ለአባቷ ነበር የምታለቅሰው። ሣጥኑ ሲወርድ አፏ ላይ የቀረው ለቅሶ ነው ያን ዕለት የወጣው፤ ሄጄ አቀፍኳት፣ እኔም አለቀስኩ። ታሪኩን ከቀበርን ጀምሮ እኔም በወጉ አላለቀስኩም ነበር ለካ።

አቶ ልዑል ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ወደ እኛ መጡ።

"ይቅርታ፣ በቅጹ ላይ 'ተመዝጋቢው በራሱ አፍ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል' የሚል ቦታ አለ። 'ውሸት' ብዬ ልጻፈው?"

"ይጻፉት" አለች ትርንጎ፣ በመዳፏ ፊቷን እየጠረገች።

ጻፉት። መዝገብ ቤት ሄዶ የፈለገ ሰው ያገኘዋል፤ ትርንጎ ታሪኩ፣ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ጥር 9 ቀን 2068፣ "ውሸት"። የውክልናው ፋይል በዚያው ተዘጋ። አቶ ልዑል ማህተሙን ሲያሳርፉ እንደማያዛጉ ልብ አልኩ። ወይዘሮ ቢታንያ ደግሞ በሹክሹክታ ጋሽ ኪሩቤልን "ከመቶ ቀን ያለፈ ልጅ ትቀበላላችሁ?" ስትል ሰማኋት። "ይምጣ" አሏት።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይኸውላችሁ። ዶክተር ሳምራዊትን፣ ወረቀቷንና ብዕሯን አመሰግናለሁ። ሲፈንን አመሰግናለሁ፤ መጀመሪያ ደፍራ የገባችው እሷ ናት። የጋሽ ኪሩቤልን እጅ ልስም ብል እምቢ አሉኝ፣ "ጀሪካኑን ሳሚው" አሉና ሳቁብኝ። ሳምኩት። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ሰው ፊት ያሳፈረችኝን ልጄን ግን ከሁሉም አስበልጬ አመሰግናለሁ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ብታዝንልኝና ዝም ብትል ኖሮ ዛሬ ልጅ አይኖረኝም ነበር።

ወደ ቤት በእግራችን ሄድን። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ፊታችን ላይ ይመልሰዋል። መንገዱ ላይ የምናገኛቸው ሰዎች ክንዶቻቸው እርስ በርስ ሰላም ይባባላሉ፣ እነሱ ሌላ ሌላ ያያሉ። አደባባዩ ላይ ቆምኩና ፊቷን፣ ፊቷን ብቻ እያየሁ ጠየቅኋት።

"ትርንጎ፣ እንዴት ነሽ?"

"ደህና አይደለሁም እማ" አለችኝ። "በጣም ነው የናፈቀኝ። ምንም ደህና አይደለሁም።"

"ተመስገን" አልኩ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ። "ተመስገን ልጄ። በይ ንገሪኝ።"

እስከ ቤታችን ድረስ ነገረችኝ።